ለተጠማ ከብት የሚሰጥ የጉድጓድ ፈቃድ

በስሌት ልጀምር። በሙቀት ወቅት አንድ የሥጋ ከብት በቀን 50 ሊትር ገደማ ይጠጣል እንበል። ሁለት መቶ ከብት ያለው አርቢ በቀን 10 ሺህ ሊትር ያስፈልገዋል፤ 10 ሜትር ኩብ ማለት ነው። ሲሰሙት ብዙ ይመስላል። እስቲ ከመስኖ ጋር እናስተያየው። አንድ ሄክታር ሰብል በደረቅ ወቅት በቀን 5 ሚሊ ሜትር ውሃ ቢወስድ 50 ሜትር ኩብ ይሆናል። ሁለት መቶ ከብት በቀን የሚጠጣው እንግዲህ የሄክታር አንድ አምስተኛ የምትሆን ማሳ ከምትወስደው አይበልጥም።

ይህን ስሌት በማመልከቻ ጥግ ላይ እየሠራሁ ለብዙ ሰው አሳይቻለሁ። ሥራዬ የከርሰ ምድር ውሃ ነው። ድርቅ ገብቶ ኩሬውና ወንዙ ሲነጥፍ አርቢዎች ጊዜያዊ የጉድጓድ ፈቃድ ይጠይቃሉ። ፋይሉ ላይ የቴክኒክ አስተያየት ከሚጽፉት አንዷ እኔ ነኝ። ጉድጓዱ ምን ያህል ይሰጣል፣ የጎረቤትን ውሃ ይነካል ወይ፣ ለከብቱ ይስማማል ወይ፣ እሱን አያለሁ።

አቋሜን ከአሁኑ ልናገር። ለከብት መጠጥ የሚጠየቅ ጊዜያዊ ፈቃድ በቀናት ውስጥ ማለቅ አለበት። ቆጣሪ ሳይገጠምለትና ማብቂያ ቀን ሳይጻፍበት ደግሞ መውጣት የለበትም። አንዱን ይዘው ሌላውን የሚጥሉ ሰዎች በሁለቱም ወገን አሉ። አርቢው ማብቂያውን አይወደውም፤ መሥሪያ ቤቱ ፍጥነቱን አይወደውም። ለእኔ ግን ሁለቱ አይነጣጠሉም። ቶሎ መስጠት የምንችለው መለካትና መዝጋት ስለምንችል ነው።

ብዙ አገሮች ለከብት መጠጥ የሚሆን ውሃን ከመደበኛው ፈቃድ ነፃ ያደርጉታል። የኢትዮጵያ የውሃ ሀብት አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 197/1992 በእጅ ለሚቆፈር ጉድጓድና ለባህላዊ ከብት እርባታ ፈቃድ አይጠይቅም። በቴክሳስ ከ10 ኤከር በላይ በሆነ ይዞታ ላይ ያለ፣ በቀን ከ25 ሺህ ጋሎን በላይ ማውጣት የማይችል የቤትና የከብት ጉድጓድ ከአካባቢው የከርሰ ምድር ውሃ ፈቃድ ነፃ ነው። እንግሊዝ ውስጥ በቀን ከ20 ሜትር ኩብ በታች ለሚቀዳ ፈቃድ አያስፈልግም። በአውስትራሊያዋ ኒው ሳውዝ ዌልስ ባለይዞታ ለቤቱና ለከብቱ የሚቀዳው ውሃ የመቅጃ ፈቃድ አይፈልግም፤ ጉድጓዱን ለመቆፈር ግን ማስፈቀድ አለበት።

ታዲያ ጊዜያዊ ፈቃድ ለምን አስፈለገ? አርቢው ከነፃው መጠን በላይ ሲፈልግ ነው። ጉድጓዱ በማሽን የሚቆፈር፣ ጥልቅና ፓምፕ የሚገጠምለት ሲሆን ነው። አካባቢው አዲስ ጉድጓድ የተከለከለበት ሲሆን ነው። ወይም ለመስኖ የተፈቀደን ጉድጓድ ለከብት ማዋል ሲፈለግ ነው። ከሁሉ በላይ ግን የሚያጋጥመው ሌላ ነው። ሰውየው ከወንዝ ወይም ከቦይ የመቅዳት መብት አለው፤ ወንዙ ግን የለም። በአሜሪካ የኦሪገን ግዛት የድርቅ ፈቃድ በዋናነት የሚያገለግለው ለዚህ ነው። ገዥው አንድን አካባቢ በድርቅ የተጎዳ ብሎ ካወጀ፣ የውሃ መብቱ የደረቀበት ሰው ለጊዜው በምትኩ ከመሬት በታች እንዲቀዳ ይፈቀድለታል። አዋጁ ሲያበቃ ፈቃዱም ያበቃል። በጎረቤቷ ዋሺንግተን ግዛት ደግሞ የድርቅ ሁኔታ የሚታወጀው የውሃ አቅርቦቱ ከመደበኛው 75 በመቶ በታች ሲወርድ ወይም ይወርዳል ተብሎ ሲጠበቅ፣ በዚያም ላይ ችግር ያስከትላል ሲባል ነው።

ይህ የ75 በመቶ ነገር ደስ ይለኛል። ቁጥሩ ራሱ አይደለም ደስ የሚለኝ፤ ሌላ ቦታ ሌላ ቁጥር ሊሆን ይችላል። አስቀድሞ መጻፉ ነው። ድርቅ መቼ "ድርቅ" እንደሚባል ሁሉም ያውቃል። ማንም ተሰብስቦ መከራከር አይጠበቅበትም። መለኪያው ባልተጻፈበት ቦታ የሚሆነውን አይቻለሁ። ስብሰባ ይጠራል፤ ኮሚቴ ይዋቀራል፤ ኮሚቴው መስክ ወጥቶ ያያል፤ ሪፖርት ይጻፋል። እስከዚያ ከብቱ አጥንቱ ይወጣል። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ማለት ይኼ ነው።

አንድ ቀን አንድ አባት ቢሮ መጡ። ማመልከቻቸው ከገባ ቆይቷል። አልተቆጡም። ወንበር ላይ ቁጭ አሉና፣ "ልጄ፣ እኔ ተመለስ ነገ ብትይኝ እመለሳለሁ። እነሱን ግን ነገ ብዬ አልመልሳቸውም" አሉኝ። 

"ስንት ናቸው አባቴ?" አልኳቸው።

ቁጥር አልነገሩኝም። የሚታለቡትን ቆጠሩልኝ፤ ቀጥሎ እርጉዞቹን፤ ቀጥሎ ጥጆቹን፤ ፍየሎቹን፤ በመጨረሻ አህዮቹን። ቅጹን ገልጬ አየሁት። "የከብት ብዛት" የሚል አንዲት ክፍት ቦታ ብቻ ነው ያለው። እሳቸው የነገሩኝ ግን ውሃውን ለማስላት የሚያስፈልገኝን በሙሉ ነበር። የምትታለብ ትልቅ የወተት ላም በሙቀት በቀን ከ100 ሊትር በላይ ልትጠጣ ትችላለች። ፍየልና በግ ከ5 እስከ 10 ሊትር ይበቃቸዋል። ግመል ቀናት ታግሶ በአንድ ቆይታ ከ100 ሊትር በላይ ይጠጣል፤ ስለዚህ ለግመል የቀኑ አማካይ ብቻ ሳይሆን ገንዳው በአንድ ጊዜ የሚይዘውም ይታሰባል። በቅጹ ጠርዝ ላይ መስመር አስምሬ እንደነገሩኝ ለየብቻ ጻፍኩት። ከዚያ ወዲህ ማንም አርቢ ሲመጣ ብዛቱን በዓይነት እጠይቃለሁ። ቅጹም እንዲስተካከል ደጋግሜ ጽፌያለሁ።

ሌላም አለ። በድርቅ ጊዜ ከብት ከወትሮው የበለጠ ይጠጣል። ለምለም ሣር አብዛኛው ውሃ ነው። ከብቱ እየጋጠ ይጠጣል ማለት ይቻላል። ድርቆሽና ገለባ ግን ከክብደታቸው ከአሥር እስከ አሥራ አምስት በመቶ ቢሆን ነው ውሃ። ሙቀቱ ሲጨምር ደግሞ በላብና በትንፋሽ የሚያጣው ይበዛል። ስለዚህ በደህናው ዓመት መጠን የተሰላ ፈቃድ በድርቅ ይጎድላል። ውሃ ያጠረው ከብት መኖ ቢሰጡትም በደንብ አይበላም። ወተቱ ወዲያው ይቀንሳል። ውሃ ሳያገኝ በመኖ ብቻ ላድነው ማለት ገንዘብ ማፍሰስ ነው።

አሁን ወደ ጎረቤት ጉድጓድ ልሂድ። ሰው በጣም የሚፈራው እሱን ነው፤ መፍራቱም ልክ ነው።

ጉድጓድ ሲቀዳ በዙሪያው ያለው የውሃ ወለል ይሰረጉዳል። ከታች የተቀደደ የእህል ጆንያ ላይኛው ፊቱ መሃሉ ላይ እንደሚሰምጠው ነው። ጉድጓዱ አጠገብ ጥልቅ ይሆናል፤ እየራቀ ሲሄድ ይሳሳል። ፓምፑ በቆየ ቁጥር ስርጉዱ ይሰፋል። ይህ በጊዜ ሂደት እንዴት እንደሚሰፋ የሚያሰላውን ቀመር አሜሪካዊው ቻርልስ ታይስ እ.ኤ.አ. በ1935 አወጣው። እስከ ዛሬ የምንጠቀመው እሱን ነው። የሚጠይቀው ጥቂት ነገር ነው፤ በሰዓት ስንት ይቀዳል፣ ለስንት ጊዜ፣ ዐለቱ ውሃ የሚያሳልፈውና የሚይዘው ምን ያህል ነው፣ ርቀቱስ። በእጅ ሊሠራ ይችላል። ለአንድ የከብት ጉድጓድ ወራት የሚፈጅ ጥናት ያስፈልጋል የሚል ሰው ይህን ስሌት ሠርቶ አያውቅም ብዬ አስባለሁ።

ግን ስሌት ብቻውን ጎረቤትን አያሳምንም። እኔም ብሆን አላምንም። ስለዚህ የመለኪያ ሜትሬን ይዤ ወደ ጎረቤት እሄዳለሁ። መሣሪያው ቀላል ነው። እንደ ሜትር የሚተረተር ረጅም ገመድ በመጠቅለያ ላይ ተጠምጥሟል። ጫፉ ላይ ጣት የምታህል ብረት አለች። ውሃ ስትነካ ከላይ ይጮኻል። ያኔ ገመዱን በጉድጓዱ አፍ ልክ በጥፍር ይዞ ቁጥሩን ማንበብ ነው። አንዴ ብቻ አይበቃም። ትንሽ ሳብ፣ እንደገና ለቀቅ፤ ሁለቴም ሦስቴም አንድ ዓይነት ካነበበ ይጻፋል፤ ሰዓቱም አብሮ።

አንዲት እናት ከጉድጓዳቸው አፍ አጠገብ ቆመው ሲያዩኝ ትዝ ይለኛል። የእጅ ፓምፕ ነው ያላቸው። ከእሳቸው ማዶ አዲስ ጉድጓድ ለከብት ሊፈቀድ ነው። ጠዋት ፓምፑ ሳይነሳ ለካሁ፤ 31 ሜትር ከ40 ሴንቲ ሜትር። ማዶ ያለው ጀነሬተር ተነሳ። በየመሃሉ እየለካሁ ዋልኩ። እያንዳንዱ ጩኸት በተሰማ ቁጥር "ወረደ?" ይሉኛል። እኔም ቁጥሩን አሳያቸዋለሁ። ከሰዓት በኋላ 31 ሜትር ከ46 ላይ ደረሰ። ስድስት ሴንቲ ሜትር። የእሳቸው ፓምፕ የሚስበው ከ42 ሜትር ነው። ገመዱን መሬት ላይ ዘርግቼ ከ31 እስከ 42 ያለውን አሳየኋቸው። ከጫፍ እስከ ጫፍ ተራመዱበት። ከዚያ የዛሬዋን ስድስት ሴንቲ ሜትር በጣቶቻቸው መሃል ለክተው አዩ። "ይሁን፤ ግን እየመጣሽ ለኪልኝ" አሉ። በፈቃዱ ላይ እሱን ነው የጻፍነው። ጎረቤት ጉድጓድ በየሳምንቱ ይለካል፤ ከተወሰነው በላይ ከወረደ ቅዳታው ይቆማል።

ሁሌም እንዲህ አያልቅም። ዐለቱ ጠባብ ስንጥቅ ብቻ ካለው ወይም ጉድጓዶቹ ከተቀራረቡ የጎረቤት ውሃ በሰዓታት ውስጥ ሜትሮች ሊወርድ ይችላል። ያኔ ሌላ ቦታ ይፈለጋል፤ ወይም ቅዳታው በሌሊትና በዝግታ እንዲሆን፣ ውሃው ታንከር ውስጥ እንዲጠራቀም ይደረጋል። በቀን 10 ሜትር ኩብ ለማግኘት በአምስት ሰዓት አጣድፎ መቅዳት አያስፈልግም። በሰዓት 2 ሜትር ኩብ ከመሳብ በሰዓት ግማሽ ሜትር ኩብ ለሃያ ሰዓት መሳብ ጉድጓዱንም ጎረቤቱንም ያሳርፋል። የሁለትና የሦስት ቀን ውሃ የሚይዝ ታንከር ካለ ፓምፕ ቢበላሽም መንጋው አይጠማም። በተቻለኝ መጠን ይህን በቅድመ ሁኔታ ውስጥ አስገባለሁ።

ስለ ወንዝና ምንጭም አንድ ነገር ልበል። ከወንዝ ዳር የተቆፈረ ጉድጓድ መጀመሪያ የሚያወጣው በዐለቱ ውስጥ ተጠራቅሞ የቆየውን ነው። ውሎ አድሮ ግን ወደ ወንዙ ወይም ወደ ምንጩ ይሄድ የነበረውን ይወስዳል። ታይስ ይህንንም እ.ኤ.አ. በ1940 ጽፎታል። ጉዳቱ ዘግይቶ ስለሚመጣ፣ አንዳንዴም ፓምፑ ከቆመ በኋላ ስለሚቀጥል፣ "ለጊዜው ነው" የሚለው ቃል ወንዙ ዘንድ አይሠራም። በተለይ በድርቅ ወቅት ወንዙን የሚያኖረው ከመሬት በታች የሚመጣው ውሃ ብቻ ነው። ምርጫ ካለ ከወንዙ ራቅ ያለው ቦታ ይመረጥ።

የውሃው ጥራት ቶሎ የሚረሳ ነገር ነው። ሰው ውሃ ወጣ ሲባል እፎይ ይላል። በድርቅ የሚቆፈር ጥልቅ ጉድጓድ ግን ጨዋማ ሊሆን ይችላል። በአንድ ሊትር ውስጥ የሟሟው ጨውና ማዕድን ከ3 ሺህ ሚሊ ግራም በታች ከሆነ ለአብዛኛው ከብት ችግር የለውም። ከ7 ሺህ በላይ ከሆነ በተለይ ለእርጉዝና ለሚያጠቡ ያሰጋል። ከ10 ሺህ በላይ የሆነ አይሰጥም። ሰልፌት የሚባለው ጨው የበዛበት ውሃ ተቅማጥ ያመጣል፤ በጣም ከበዛ የአንጎል በሽታ ያመጣል። ናይትሬትም ይለካ፤ በተለይ ጉድጓዱ ከበረት አጠገብ ከሆነ። በስምጥ ሸለቆ አካባቢ ደግሞ ፍሎራይድ አለ፤ ሲቆይ የከብቱን ጥርስና አጥንት ያበላሻል። የሚገርመው የቀረው የኩሬ ውሃ ከዚህ ሁሉ ሊብስ ይችላል። ኩሬ ሲያንስና ሲሞቅ አረንጓዴ ሽፋን የሚያወጣ አልጌ መሳይ ባክቴሪያ ይራባበታል። አንዳንዱ ዓይነት መርዝ አለው፤ ከብት ጠጥቶ በሰዓታት ውስጥ ሊሞት ይችላል።

ጉድጓዱ ሥራ የሚጀምርበት ቀን ራሱ አደጋ አለበት። ለቀናት የተጠማ መንጋ ውሃ ሲሸተው አይያዝም። ገንዳው ላይ ይረጋገጣል፤ ጥጃ ይደፈጠጣል። የደረሰም እስኪጠግብ ቢጠጣ ሌላ ጣጣ ይከተላል። በጥማት ጊዜ በሰውነቱ ውስጥ ጨው ተከማችቷል። ብዙ ውሃ በአንድ ጊዜ ሲገባ አንጎል ያብጣል። ከብቱ ይንገዳገዳል፤ ዓይኑ ይታወራል፤ ይወድቃል። ሰው "ውሃው መርዝ ነው" ይላል። ውሃው ምንም አላደረገም። መድኃኒቱ መንጋውን ከገንዳው ራቅ አድርጎ ማቆም፣ ጥቂት ጥቂቱን እየለቀቁ፣ ለእያንዳንዱ ትንሽ ትንሽ እያጠጡ መመለስ ነው። የእንስሳት ሐኪም ካለ እዚያው ቢገኝ ይመረጣል። ከፈቃዱ ጋር አንድ ገጽ የሚሆን ምክር አብሮ እንዲሰጥ የምወተውተው ለዚህ ነው።

አሁን በጣም ወደሚያሳስበኝ ነገር ደረስኩ።

እ.ኤ.አ. ከ1968 እስከ 1973 ከሰሃራ በረሃ በስተደቡብ ያለውን የሳህል ምድር ድርቅ መታው። ከዚያ በፊት በነበሩት ዓመታት ፌርሎ በተባለው የሴኔጋል የግጦሽ ምድርም ሆነ በኒጀር ብዙ ጥልቅ ጉድጓዶች ለከብት ተቆፍረው ነበር። ውሃው አላለቀም። ከብት ግን በብዛት አለቀ፤ ያለቀውም በአመዛኙ በረሃብ ነው። ውሃ አለ ሲባል ከየአቅጣጫው መንጋ ተመመ። በየጉድጓዱ ዙሪያ ሣሩ ተጋጠ፤ ተረገጠ፤ መሬቱ ተራቆተ። ከብቱ ለመብላት ከውሃው ራቅ ብሎ መሄድ አለበት፤ ለመጠጣት ደግሞ መመለስ አለበት። ግጦሹ እየራቀ ሲሄድ ደካማው በመንገድ ቀረ። ከጉድጓድ ዙሪያ ይህን የመሰለ የተራቆተ ክብ እንዴት እንደሚፈጠር አውስትራሊያዊው ላንጅ እ.ኤ.አ. በ1969 በበግ ዱካና በፍግ አጥንቶ ስም ሰጥቶታል። ከአውሮፕላን የሚታይ ነገር ነው። ከገንዳው ዙሪያ ራቁት መሬት፣ ከዚያ እየራቀ ሲሄድ ሣር።

ስለዚህ የፈቃድ ጥያቄ ሲመጣ ከውሃው በፊት ግጦሹን እጠይቃለሁ። በዚህ ረገድ የደቡብ አፍሪካ የ1998ቱ (እ.ኤ.አ.) የውሃ ሕግ በአጭሩ ጥሩ አድርጎ ይዞታል። በመሬቱ ላይ ለሚግጥ ከብት፣ በመሬቱ የግጦሽ አቅም ልክ፣ ያለ ፈቃድ ማጠጣት ይቻላል ይላል። ታጉሮ የሚቀለብ ማድለቢያን ደግሞ በስም ለይቶ ያስወጣዋል። ልክ ነው። 10 ሺህ ከብት የታጎረበት ማድለቢያ በቀን 500 ሜትር ኩብ ይጠጣል። የአሥር ሄክታር መስኖ ነው። ይህ ትልቅ የውሃ ተጠቃሚ ነው፤ በጥማት ስም በአቋራጭ መግባት የለበትም። በዋሺንግተን ግዛት እ.ኤ.አ. በ2011 የግዛቱ ጠቅላይ ፍርድ ቤት የ1945ቱ የከርሰ ምድር ውሃ ሕግ ለከብት መጠጥ የሰጠው ነፃነት የመጠን ገደብ የለውም ብሎ ወስኗል። ጉዳዩ የተነሳው ከአንድ ትልቅ ማድለቢያ ነው። ፍርድ ቤቱ የተጻፈውን ሕግ ነው ያነበበው። ሕጉ ሲጻፍ ግን የዚህን ያህል ከብት በአንድ ጉድጓድ ላይ ይታጎራል ብሎ ያሰበ ሰው የነበረ አይመስለኝም።

የቦረና ቱላ ጉድጓዶችን ያየ ሰው እዚህ ጋ የምለው ይገባዋል። ሰዎች በመሰላል ከታች እስከ ላይ ተደርድረው፣ እየዘፈኑ ውሃ የሚቀባበሉባቸው ጥልቅ ጉድጓዶች ናቸው። እዚያ ማን መቼ እንደሚያጠጣ የታወቀ ነው። ተራ የሚያወጣና የሚያስከብር አባ ሄረጋ የሚባል ኃላፊ አለ። የቆፋሪው ወገን ድርሻ አለው፤ ጎሳው ድርሻ አለው፤ እንግዳ መንጋም ጠይቆ፣ ተነጋግሮ፣ ተራ ተሰጥቶት ያጠጣል። በበጋ ከብቱ በየሦስተኛው ቀን ይመጣል። የውሃ ተራ ስላላገኘ ብቻ ከልክ ያለፈ መንጋ በአካባቢው አይከማችም። የውሃው ሥርዓት ግጦሹን ይጠብቃል ማለት ነው። ባለ ፓምፕ ጉድጓድ አጠገብ ሲቆፈር ይህ ሥርዓት ከታለፈ ማብሪያውን የጨበጠ ሁሉ አባ ሄረጋ ይሆናል። እኔ የማንኛውም ጊዜያዊ ፈቃድ ባለቤት ተራውን ማን እንደሚያወጣ በስም እንዲጽፍ እጠይቃለሁ። ኮሚቴ የሚል መልስ አይበቃኝም።

ማብቂያው ቀረ። ጊዜያዊ የተባለ ጉድጓድ ቋሚ ሆኖ ሲቀር ብዙ ጊዜ በክፋት አይደለም። ዝናብ ይመጣል፤ ኩሬው ይሞላል፤ ፋይሉ መደርደሪያ ላይ ይቀራል። ፓምፑ ግን እዚያው ነው። አንዱ ጥቂት አትክልት ያጠጣበታል። ሌላው ከብት ይጨምራል። በሚቀጥለው ድርቅ የተጠባባቂነት ሚናው ጠፍቷል፤ የውሃው ወለል ከድርቁ በፊት ወርዶ ይጠብቀናል። ከመሬት በታች ያለው ውሃ ከአንድ ጥሩ ዝናብ ጋር አይመለስም፤ በብዙ ቦታ ወራትና ዓመታት ይፈጅበታል። ስለዚህ ዝናብ ዘነበ ማለት ሒሳቡ ተዘጋ ማለት አይደለም።

ሲዘጋ በደንብ ይዘጋ። ሊጠቅም የሚችል ጉድጓድ ከሆነ ፓምፑ ይነሳ፣ አፉ በብረት ክዳን ተቆልፎ ይቀመጥ፣ የውሃ ወለል መለኪያ ይሁነን። በሚቀጥለው ድርቅ ከአዲስ ቁፋሮ ይልቅ ቁልፍ መክፈት ብቻ ይሆናል። የማይጠቅም ከሆነ ደግሞ ከታች እስከ ላይ በሲሚንቶ ወይም በሚያብጥ የሸክላ አፈር ይሞላ። ክፍት የቀረ ጉድጓድ የበረት እጣቢ በቀጥታ ወደ ከርሰ ምድር ውሃ የሚወርድበት ቱቦ ነው። ሕፃንና ጥጃም ይገባበታል።

ቅሬታ የሚያሰሙኝ አርቢዎች አሉ። "ለሁለት ወር ፈቃድ ብዬ ያን ሁሉ ገንዘብ ጉድጓድ ላይ አፈሳለሁ እንዴ?" ይላሉ። ጥያቄያቸው እውነት አለው። ለዚህ ነው አዲስ ቁፋሮ የመጨረሻው አማራጭ ይሁን የምለው። አብዛኛውን ጊዜ አካባቢው ላይ የተቆፈረ፣ ፓምፑ የተበላሸ ወይም ለመስኖ የተያዘ ጉድጓድ አለ። እሱን ለጊዜው ለከብት ማዋል ከቁፋሮ ይረክሳል፤ ይፈጥናል፤ መረጃውም ተመዝግቦ አለ። ገንዘብ የሚሰጡ ድርጅቶችም ከአዲስ ጉድጓድ ይልቅ ለጥገናና ለቆጣሪ ቢያወጡ ብዙ መንጋ ይተርፋል። የምርቃት ሪባን አይቆረጥበትም፤ እሱ ነው ችግሩ።

መሥሪያ ቤቶች ደግሞ ውሃ ቀጠነ እያሉ ባለጉዳይ ማጉላላቱን ይተዉ። ለ10 ሜትር ኩብ የሚጠየቀው ሰነድ ለ10 ሺህ ከሚጠየቀው ጋር አንድ ሊሆን አይገባም። ከብቱ በተወሰነ ቁጥር ውስጥ ከሆነ፣ ጉድጓዱ ከወንዝና ከጎረቤት የተወሰነ ርቀት ካለው፣ ቆጣሪ ካለው፣ ባለሙያው በራሱ ፊርማ እንዲፈቅድ ይደረግ። ከዚያ በላይ የሆነው ወደ ጥናት ይሂድ።

ከብት ያላችሁ፣ ከደረቁ ወቅት በፊት ይህን የምታነቡ፣ ፋይላችሁን አሁን አዘጋጁ። የከብቶቻችሁን ብዛት በዓይነት ጻፉ። የጉድጓዳችሁን ጥልቀት፣ ፓምፑ የተቀመጠበትን ሜትር፣ ሲቆፈር የተጻፈውን ወረቀት ፈልጉ። ከጠፋ የቆፋሪውን ድርጅት ጠይቁ፤ ብዙዎቹ ቅጂ ያስቀምጣሉ። ውሃው በደህናው ጊዜ ስንት ሜትር ላይ እንዳለ አስለክታችሁ ቀኑን መዝግቡ፤ በኋላ የሚነጻጸረው ከሱ ጋር ነው። በአቅራቢያ ጉድጓድ ያለውን ጎረቤት ከወዲሁ አነጋግሩና የእሱንም አስለኩ። የላብራቶሪ ውጤት ከሁሉም የሚዘገይ ስለሆነ የውሃውን ናሙና ግን ከሁሉ በፊት ላኩ።